መርዶ በጀልባ

እሑድ እሑድ ቦሰና ጀልባ የምታወጣው ሰው ለማስለቀስ ነው። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። የሚስቁት ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ሴት እናቷ ሲሞቱባት የት ሄዳ እንደምታለቅስ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ያላሰቡ ናቸው።

መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ሰው የሞተበት ሰው ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ከመኝታው ሳይነሳ፣ ዘመድና ጎረቤት ደጁ ላይ ተሰብስቦ፣ አንደበተ መልካም ሽማግሌ ተመርጦ ይነግረዋል። ግራና ቀኝ የሚይዙት አሉ። ደረቱን ሲደቃ እጁን ይቀበሉታል፣ ሲወድቅ ይደግፉታል። ጩኸቱን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል፤ ሊሰማውም ይገባል። ቨርደን በሚባለው የቤሩት ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? እዚያ ያለው ያልተተኮሰ የሸሚዝ ክምር፣ ግድግዳ የሚደበድብ ጎረቤትና "ሹ ሳር? ምን ሆንሽ?" እያለች ከሳሎን የምትሮጥ ማዳም ብቻ ነው።

ቦሰና ይህን ከሰው አልሰማችውም፤ በራሷ ደርሶ ነው ያወቀችው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ተነስታ ቤሩት የገባችው በሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ሃምሳን አልፋለች። ቨርደን በተቀጠረችበት ቤት ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ፣ አንድ ቀን ለሰላጣ የሚሆን ቅጠል እየከተፈች ሳለ ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ የአክስቷ ልጅ ነው። ቀደም ብሎ የተነገራት መስሎት "የአባባ ገብረኪዳንን ነፍስ ይማር፣ አይዞሽ" አላት። ቢላዋውን ጥላ ጮኸች። ሌላ ምን ታድርግ? ልጆቹ ፈርተው አልጋ ሥር ገቡ፣ ጎረቤት ደወለ፣ ሚስተር "አበደች" ብሎ ሐኪም ጠራ፣ ሐኪሙም መርፌ ወጋት። በማግስቱ ስትነቃ ቤቱ የምሳ እንግዳ ይጠብቃል፤ ያልተከተፈው ቅጠልም ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ እሷን ይጠብቃል። ተነስታ ከትፋ ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲህ አባቷን አልቅሳ አታውቅም። ሞክራለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ለቅቃ፣ ትራስ ነክሳ። እንባ ይመጣል፣ ልቅሶ ግን አይመጣም። "መርፌው ልቅሶዬን አስተኝቶት ቀረ" ትላለች። ሰው እንዲያዝንላት ብላ አይደለም፤ የሆነውን ነው የምትናገረው።

ያን ቤት ለቅቃ ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው። ፓስፖርቷ ካስመጣት አሠሪ እጅ እንደቀረ ቀርቷል፤ መኖሪያ ፈቃድም የላትም። ቡርጅ ሐሙድ ከመቅዲ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በሰዓት እየተጠራች ቤት ታጸዳለች። መቅዲም ከአሠሪዎቿ ቤት የወጣች፣ ገና በሃያዎቹ ያለች ልጅ ናት። ቦሰና ከምታጸዳቸው ቤቶች አንዱ ራስ ቤሩት፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ትንሽ ወደብ ጀርባ የሚገኘው የሽማግሌው የከሊል ቤት ነው። "ዐሞ" ትለዋለች፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ሚስቱ ሲት ነስሪያ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ልጆቹ ባሕር ተሻግረዋል። ሪህ ጣቶቹን ስላቆላለፈበት አንድ ቀን መጥረጊያዋን አስጥሎ ወደ ወደቡ ይዟት ወረደና "ይህን ገመድ ሳቢልኝ" አላት። የጀልባው ሞተር ማስነሻ ገመድ ነበር። ነገሩ የተጀመረው እንደዚህ ነው።

ሞተሩ ከመቅዲ በዕድሜ ይበልጣል። ሽፋኑ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ ቀለሙ ዱሮ ምን እንደነበረ የሚያውቀው ከሊል ብቻ ነው። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ድምፁ ሙት ይቀሰቅሳል። ከሊል ሲያስተምራት ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ መልሶ ደግሞ "ቢንቲ፣ ልጄ" ይላታል። ካንዴላ መፍታት ተማረች፣ ቤንዚንና ዘይት መደባለቅ ተማረች፣ ሞተሩ ሲያስልና ሲያነጥስ ምን እንደጎደለው መለየት ተማረች። ዓሣ ማጥመዱን ግን አልወደደችውም። ባሕሩ ላይ ሆና ዞር ዞር ብላ ስታይ የታያት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ግድግዳ የሚደበድብ ጎረቤት የለም።

የመጀመሪያዋን ሴት ይዛ የወጣችው በመቅዘፊያ ነው፤ ቤንዚን ከከተማው የጠፋ ሰሞን። ሐዝሚዬ የምትሠራ ልጅ ነበረች፣ እናቷ ያረፉባት። ቦሰና ቀዝፋ ትንሽ ፈቀቅ አለችና ነገረቻት፤ ልጅቷም ጮኸች። ድምፅ ውኃ ላይ እንደዚያ ርቆ ይሄዳል ብሎ ማን ጠረጠረ? አባስ የሚባል፣ ጀልባውን ከከሊል ጀልባ አጠገብ የሚያስር ዓሣ አጥማጅ፣ ሰው የሰጠመ መስሎት ስልክ መታ። የነፍስ አድን ጀልባ መብራቷን እያሽከረከረች ደረሰች፤ ከኋላዋ ፖሊስ። በጀልባዋ ውስጥ ያሉት ወረቀት የሌላቸው ሴቶች ናቸው። ከሊል ሲምል ሲገዘት፣ የአንዱን ትከሻ የሌላውን ጉንጭ ሲስም ውሎ በስንት መከራ አስጣላቸው።

"ከእንግዲህ በሞተር" አለ ያን ቀን። "ራቅ በይ፣ ማርሹን አውጪና ጋዙን ስጪው። በሱ ጩኸት ውስጥ የፈለገችውን ያህል ትጩህ፣ ማንም አይሰማትም። ኸላስ።"

ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ሆነ። ሞተሩ ያጓራል፣ ሴትየዋ ታለቅሳለች፣ መቅዲ ወደ ባሕሩ እንዳትወረወር ወገቧን ትይዛለች፣ ቦሰና መሪውን ይዛ ትቀመጣለች። ስንቷን እንዳስለቀሰች አትቆጥርም። የአባቱን፣ የልጁን፣ የባሉን ሞት በሷ አፍ የሰማ ብዙ ሰው አለ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኟት አንዳንዶቹ እጇን ይስማሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ፊቷን እንዳያዩ ይሸሻሉ። በሁለቱም አትቀየምም።

የእመቤት ነገር የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። እመቤት ቨርደን የምትሠራ፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ቸርነት የሚባል አንድ ወንድም ነበራት፤ ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ እሷ ናት ያሳደገችው። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ ሞተ። ዘመዶቹ ለእመቤት አልደወሉም፤ የመርዶ ስልክ የሚደወለው ወደ ቦሰና ነው። እሑድ እስኪደርስ ደግሞ ለእመቤት "አካባቢው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ቸርነት የማይደውለው" ተብሎ ተነገራት። ጥሩ ውሸት ነበር፤ በዚያ በኩል ኔትወርክ መጥፋቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ። ግን የጠፋ ኔትወርክ ይመለሳል። አንድ ያልተመከረ ሰው አንድ መልእክት ቢልክ፣ እመቤት የወንድሟን መርዶ ማዳሟ ሳሎን ውስጥ ልትሰማው ነው። ቦሰና የፈራችው ይህን ነበር። ልጅቷ በዚህ እሑድ፣ ባሕር ላይ፣ በሰው እጅ ተይዛ ካልሰማች የሷ ዕጣ እንደሚደርሳት ታውቃለች።

እመቤት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ በሰርቪስ ታክሲ ወደ ወደቡ መጣች፤ ነጭ ነጠላ ለብሳለች። ወደ ማዳሟ መመለሻዋ ከማታ በፊት ነው። መቅዲ ሮጣ ተቀበለቻትና "ያላ፣ ዛሬ ሽርሽር ነው፤ ባሕር እናሳይሽ ብለን እኮ ነው" አለች። ስልኳንም "ፎቶ ላንሳሽ" ብላ ተቀብላት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መቅዲ በጠዋት መጥታ ጀልባውን ፈግፍጋው ነበር። ሰው ኀዘን ሊቀመጥበት ነው ብላ ወለሉን በሳሙና፣ ሽፋኑን በጨርቅ፣ ጀሪካኗን በስፖንጅ አብሳ፣ የማዳም ወጥ ቤት አስመስላው ጠበቀቻቸው። ከሊል አይቶ "ያኒ ዓሦቹም እዚህ ጫማ አውልቀው ሊገቡ ነው" ብሎ ሳቀባት።

ቦሰና መሪው ጋ ተቀመጠች። ከቀይዋ የቤንዚን ጀሪካን ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መሃል እንቁላል የሚያህል ጎማ አለ፤ ሲጨመቅ ቤንዚኑን የሚገፋው እሱ ነው። ጨምቃ ጨምቃ ጠጠረላት። ቾኩን ሳበች፣ ገመዱን ሳበች። በሦስተኛው ሞተሩ ጭሱን ተፍቶ ተነሳ፤ ሦስቱ ሴቶች ጀልባው የታሰረበትን ገመድ ፈትተው ወጡ። የወደቡ አፍ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ድምፁ ሰለለ፣ ጠፋ። ቦሰና ደጋግማ ሳበች። ምንም የለም። በመቅዘፊያ እየገፉ ተመለሱና ጀልባውን አሰሩት።

ከሊል ፕላስቲክ ወንበሩን ዳር አምጥቶ ተቀመጠ። "ቤንዚን?" አለ።

"ትናንት ራስህ አይደለህ ያስሞላኸው? እስካፉ ሙሉ ነው።"

"መተንፈሻዋስ?"

"ክፍት ነች" አለች ዘወር ብላ ሳታይ። በጀሪካኗ ክዳን አናት ላይ ያለችው የመተንፈሻ ብሎን እሷ ይህን ሞተር ካወቀችው ጀምሮ ተዘግታ አታውቅም።

"እንግዲያው ካንዴላውን አውጪው።"

አወጣችው፤ በቤንዚን ርሷል። በቀሚሷ ጫፍ ጠራርጋ፣ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋ፣ ገላውን ከሞተሩ ብረት አስጠግታ መቅዲን ገመዱን አሳበቻት። ሰማያዊ ብልጭታ ጠብ አለ። እሳት አለው ማለት ነው። መልሳ አሰረችውና ሳበች። ሞተሩ "ህ" አለ፣ መልሶ ዝም። ደግማ ሳበች። የመዳፏ ቆዳ መላጥ ጀመረ። ካርቡራተሩ ቆሽሾ ይሆናል ብሎ ከሊል አስከፈታት፤ ንጹሕ ነው። በቱቦው ውስጥ ነፍታ አየችው፤ አልተደፈነም። ከሊል ከወንበሩ እየተነሳ፣ እየተቀመጠ፣ በተቆላለፉ ጣቶቹ አየሩን እየፈታ፣ "አንተ የማትረባ፣ አንተ ውለታ ቢስ" እያለ ሞተሩን ይሰድባል።

አባስ ደግሞ ጊዜ መርጦ መጣ። መረቡን እየጫነ አሻግሮ አያቸውና "ከሊል፣ ይህን ብረት ለምን አትገላገለውም?" አለ። ወደ ቦሰና ዞሮ "ዛሬም ልቅሶ አለ?" ብሎ ጠየቀ፣ በአረብኛ።

ቦሰና ዓይኗን አጉረጠረጠችበት። እመቤት ሰምታለች፤ አረብኛ ከማንም አታንስም። አባስም እንደገባው ከንፈሩን ነክሶ አንገቱን ደፋ፤ የራሱን ሞተር በአንድ ሳብ አስነስቶ ወጣ። ቦሰና ባልሰማ አለፈችው። እመቤትም ምንም አልጠየቀችም። ከጀልባው የኋላ መቀመጫ ላይ፣ ጀሪካኗን በእግሮቿ መሃል አድርጋ፣ እጆቿን ጭኖቿ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ፎቶ አንሱኝ አላለችም። ሞተሩ ሲያስቸግር ሰው እንደሚለው "ተዉት በቃ፣ በባሕሩ ዳር መንገድ፣ ኮርኒሹ ላይ እንዙር" አላለችም።

ፀሐይዋ ዘነበለች። ከላይ ኮርኒሹ ላይ የሚሮጡት ሰዎች ተለዋውጠው ሌሎች ሆኑ። ቦሰና ጥርሷን ነክሳ የምትስበው ገመድ እየለሰለሰ የሚሄድ መሰላት፤ የለሰለሰው ግን የራሷ ክንድ ነው። ተሸነፈች። ሌላ ቀን ማድረግ ማለት ምን እንደሆነ እያወቀች፣ ሳምንቱን ሙሉ ልጅቷ ስልክ ይዛ እንደምትዞር እያወቀች፣ ገመዱን ለቀቀችው።

"እመቤትዬ" አለች፣ "ዛሬስ እምቢ አለ። ለሚመጣው እሑድ እንቀጥረው ይሆን?"

"አይሆንም፣ እትዬ።"

"ሽርሽር አይደለም እንዴ? ምን ያስቸኩላል..."

"እትዬ ቦሰና" አለች እመቤት ቀና ሳትል። "ኔትወርኩ ሐሙስ ዕለት መጥቷል።"

መቅዲ ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

"የጎረቤታችን ልጅ ናት የጻፈችልኝ። 'የወንድምሽን ነፍስ ይማር' ትላለች። የሚስተርን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ካውያውን አስቀመጥኩት፣ መልሼ አነሳሁት፣ ተኩሼ ጨረስኩ። ማታም እራት አቀረብኩ። ማዳሜ 'ሜርሲ፣ እመቤት' አለችኝ። እኔም 'ሳሕቴን፣ ይስማማሽ' ብያት ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።" እጇን አንስታ ጉሮሮዋን ያዘች። "ከሐሙስ ጀምሮ እዚህ ነው ያለው። ጥርሴን ባላላ እንደሚወጣ አውቃለሁ። እሑድ አንቺ እንደምትወስጂኝም አውቅ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ ያወራሉ። እሑድ ድረስ ችዬልሻለሁ። ሌላ እሑድ ድረስ ግን አልችልም። እባክሽ አስነሺው።"

ቦሰና ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው። እመቤት ጆሮዋ ላይ ጌጥ የለም። አንገቷ ላይ ከማተቧ በቀር ምንም የለም። ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እያየቻት አላየቻትም፤ ሞተር ነበር የምታየው። አፈረች።

"ታዲያ ለምን ከጠዋት አልነገርሽንም፣ ልጄ?"

"እኔ የምነገር ሰው ነኝ እንጂ የምናገር ነኝ እንዴ?" አለች እመቤት። "እስክትነግሩኝ ነው የጠበቅኩት።"

 መቅዲ ፊቷን ወደ ወደቡ ግንብ አዙራ ታለቅሳለች። ከሊል አማርኛ ባይሰማም ሞተሩን መስደቡን ተወ፤ የሰው ፊት ማንበብ የሚችል ሽማግሌ ነው። እመቤት እጇን የምታሳርፍበት አጥታ በቱቦው መሃል ያለውን ጎማ አነሳችና እንደመቁጠሪያ ታሻሽ ጀመር። ጨመቀችው፣ ለቀቀችው። ተመለከተችው።

"እትዬ፣ ይቺ ነገር ተጨፍልቃ ቀረች። እንደዚህ ናት እንዴ?"

ቦሰና ዘልላ መጣች። ጎማው እንደተጠባ ብርቱካን ጎኖቹ ተጣብቀዋል። የሚጨፈለቀው ሞተሩ ቤንዚኑን ሲስብ በጀሪካኗ ውስጥ ምትኩን የሚሞላ አየር ሲያጣ ነው። ክዳኑን በእጇ ዳበሰችው። ያቺ ተዘግታ የማታውቅ የመተንፈሻ ብሎን ጥርቅም ብላ ተጠብቃለች። በጣቷ ሞከረቻት፣ አልተፈታችም። በቀሚሷ ጨርቅ ይዛ ጠመዘዘቻት። ጀሪካኗ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበች፤ ጎማውም ቀስ እያለ ተነፋ፣ ሞላ።

"መቅዲ" አለች ቦሰና።

መቅዲ አፏን በእጇ ከደነችው። "ጠዋት ሳብሳት ቤንዚን ሸተተችኝ። ላልታ አገኘኋት። ሰው ረስቷት መስሎኝ... እኔ እኮ ክፍት ክዳን ሳይ እጄ ዝም አይልም፤ ማዳሜ ስለ ሽታ ነበር የምትጣላኝ።"

ቦሰና ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም። እሷስ? የጋዙን መዝጊያ ከመተኛቷ በፊት ደጋግማ የምትነካ፣ በሰው ቤት የዘይት ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ ካየች ሳታጠብቅ የማታልፍ ማን ሆነችና። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሽማግሌው ጠይቋት "ክፍት ነች" ያለችው ራሷ ናት፣ ዘወር ብላ እንኳ ሳታይ። ከሊል የሆነውን ሲነግሩት ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ ከዚያ "ካንዴላውን አድርቂና ያለ ቾክ ሳቢው" አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

አድርቃ አሰረችው። ሳበች። በሁለተኛው ሞተሩ አጓራ፤ ወደቡ በጭስ ተሞላ።

ወጡ። ኮርኒሹ ላይ ያሉት ሰዎች ጉንዳን እስኪያክሉ ድረስ ሄዱ። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ራቅ ብሎ አባስ መረቡን እየዘረጋ ሞተሩን አስነስቶ ቀስ እያለ ይዞራል። ቦሰና ማርሹን አውጥታ ጋዙን ሰጠችው። ሞተሩ ጮኸ። እመቤትን ወደ ጀልባው ወለል አወረዱና አስቀመጧት፤ መቅዲ ከኋላዋ ሆና ወገቧን አቀፈቻት። ቦሰና ጎንበስ ብላ፣ እመቤት ታውቀው አታውቀው ሳትል፣ ለሁሉም እንደምትናገረው በደንቡ ተናገረች።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወንድምሽ ቸርነት አርፏል።"

እመቤት አፏን ከፈተች። የደም ሥሮቿ ተገተሩ፤ ድምፁ ግን በሞተሩ ተውጦ አልተሰማም። ጥቂት እንደዚያ ሆነች፤ ከዚያ አቋረጠችና የቦሰናን ጉልበት ያዘች።

"አጥፊው" አለች።

"ምን?"

"ሞተሩን አጥፊው። ራሴን አልሰማውም።"

"ሰው ይሰማል እኮ፣ እመቤትዬ።"

"ይስማ። ወንድሜ ሰርቆ አልሞተም፤ ለምን ተደብቄ አለቅሰዋለሁ?"

ቦሰና ሞተሩን አየችው። መዳፏ እስኪላጥ ስትስበው የዋለችው ሞተር ነው። ቢጠፋ ይነሳ አይነሳ አታውቅም። ወረቀት እንደሌላት ታውቃለች፣ መቅዲም እንደሌላት ታውቃለች፣ የነፍስ አድን ጀልባዋ መብራት እንዴት እንደሚሽከረከር ታውቃለች። እጇ ለአፍታ መሪው ላይ ቆየ። ከዚያ ማጥፊያዋን ተጫነችው።

ባሕሩ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እመቤት ጮኸች። "ቸርዬ! ወንድም ጋሻዬ! በጀርባዬ ያዘልኩህ፣ ከጉርሻዬ ያጎረስኩህ! አፈር ሲያለብሱህ እኔ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ? ሳልደርስልህ፣ ቸርዬ፣ ሳልደርስልህ!" ደረቷን ስትደቃ መቅዲ እጇን ቀማቻት። ጩኸቱ ውኃው ላይ ተንከባልሎ ሄደ፣ ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ተጋጭቶ ተመለሰ።

ከወዲያ በኩል የአባስ ሞተር ወደ እነሱ መምጣት ጀመረ። ቦሰና የማስነሻውን ገመድ ያዘች። እየቀረበ መጣ፤ በአንድ እጁ መሪውን ይዟል፣ ቆሞ እያያቸው ነው። ጠዋት ያለው ትዝ ብሎት እንደሆነ፣ ዱሮ የደወለው ትዝ ብሎት እንደሆነ ማን ያውቃል። ድንጋይ ተወርውሮ በሚደርስበት ርቀት ላይ ሲሆን ጎንበስ አለና የራሱን ሞተር አጠፋ። ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኩል የሚመጣ ካለ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ እንዲሆን።

ሌላ የሚጮህ ነገር አልነበረም። እመቤት "ሳልደርስልህ" ባለች ቁጥር ቦሰና ውስጥ አንድ የተኛ ነገር ይገላበጣል። ስንት ሴት አስለቅሳ ያችን ቃል ሰምታት አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምትሰማው ሞተሩን ነበር። ቅጠሉ ታያት፣ ቢላዋው ታያት፣ አባቷ ደጅ ላይ ቆመው ሲሸኟት ያጣፉት ጋቢ ታያት። እጇን ከመሪው ላይ አነሳች።

"አባዬ" አለች።

መጀመሪያ ቀስ ብላ ነው። ሁለተኛውን ስትል ድምፁ የሷ አልመስል አላት፤ ከሃያ ዓመት በላይ ተኝቶ የተነሳ ድምፅ ነው። "አባዬ! አባዬ ገብረኪዳን!" ብላ ጮኸች፣ ደረቷንም መታች። እመቤት በልቅሶዋ መሃል ቀና ብላ አየቻት።

መቅዲ ደነገጠች፤ ከዚያ አንድ እጇን ከእመቤት ወገብ ላይ አንስታ ቦሰናን ያዘቻት።